የአምበሉ ሌሊት

በዚህ እትም ስለ ኳስ እናወራለን። ኳስ የማትወዱ እህቶች ገጹን ከመገልበጣችሁ በፊት ጥቂት ታገሡን፤ ነገሩ ሜዳ ላይ ቢጀምርም የሚያልቀው ሳሎን ውስጥ ነው።

ከአዲስ አበባ ስታዲየም ተነሥቶ፣ መስቀል አደባባይን አቋርጦ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ካዛንቺስ ለመድረስ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ሁለቱም በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። ስታዲየሙ ቀን ቀን ደጋፊ የሚጎርፍበት፣ ካዛንቺስ ደግሞ ማታ ማታ ከተማው የሚዝናናበት ስፍራ ሆነው ብዙ ዘመን ኖረዋል። የካዛንቺስ ስም የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ተቋም ነው። «ካዛ ኢንቺስ» ሲባል፣ ሲባል ካዛንቺስ ሆነ። በኋላ ሰፈሩን አዝማሪ ቤቶች፣ መጠጥ ቤቶችና ሆቴሎች ሞሉት። ከሰዓት በኋላ ስሙ በሺህ አፍ ሲጠራ የዋለ ወጣት ተጫዋች፣ ሲመሽ «የዛሬው ሒሳብ በእኔ ነው» የሚል ጋባዥ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች በብዛት ፈርሰዋል። ስታዲየሙም ለዓመታት በእድሳት ላይ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ቤቱ ፈረሰ ማለት ጭፈራው ቀረ ማለት አይደለም፤ ሰፈር ቀየረ እንጂ። ፈተናውም አብሮ ሰፈር ቀይሯል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። አንድ ወጣት ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ቢዝናና ማንን ይጎዳል? «ወጣትነት አንድ ጊዜ ነው፣ ተዉት» የሚሉ አሉ። «ጠጥቶም ቢሆን ጎል ካገባ ምን ቸገረን» የሚሉም አሉ። ለተራ ተጫዋች ይህ አነጋገር ለጊዜው ያስኬድ ይሆናል። ክንዱ ላይ የአምበልነት ምልክት ላሰረው ግን አያስኬድም። ለምን?

አምበል ማን ነው?

አምበልነት ምን እንደሆነ ለማየት ወደ 1954 ዓ.ም. እንመለስ። ጥር 13 ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ይካሄድ ነበር። ተጋጣሚያችን በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበረች። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። ለሁለተኛ ጊዜ ከመሩ በኋላ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ 6 ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ ኢትዮጵያን አቻ ያደረገው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ሁለት ግብ ጨመሩ፤ ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። አምበሉም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ አላገኘችም።

ሉቺያኖ በሙያው መካኒክ ነበር። እንደ ዛሬው በኳስ ብቻ የሚኖር ባለሙያ ተጫዋች በዚያን ዘመን በአገራችን አልነበረም። በዚያች ቀን የሠራው ሥራ ግን የአምበልን ትርጉም ያሳያል። ቡድኑ ሁለተኛ ጊዜ ተመርቶ፣ ሰዓቱ እያለቀ፣ የሜዳው ሁሉ ልብ ሲዝል፣ የሌሎቹ ዓይን የሚዞረው ወደ አንድ ሰው ነው። አምበል ማለት ሌሎች ሲደነግጡ የሚያዩት ሰው ነው። ስለዚህ አምበሉ የሚያስፈልገው በተሻለ እግር ብቻ ሳይሆን በሰከነ ልብ ጭምር ነው። የሰከነ ልብ ደግሞ ጨዋታው ሲጀመር ከሻንጣ የሚወጣ ዕቃ አይደለም፤ ትናንት ማታ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

ሁለት ወጣቶች

በአሜሪካ «ፉትቦል» የሚሉት ጨዋታ እኛ ከምናውቀው የተለየ ነው፤ ኳሱ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል። እዚያ የማጥቃቱን ሥራ የሚመራው ተጫዋች «ኳርተርባክ» ይባላል። እርሱ ምልክት እስኪሰጥ ሌሎቹ አሥር ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ጆኒ ማንዚል የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ2012 ገና የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋች ሳለ ለኮሌጅ ተጫዋቾች የሚሰጠውን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ከእርሱ በፊት በመጀመሪያ ዓመቱ ይህን ሽልማት ያገኘ አልነበረም። በ2014 ክሊቭላንድ ብራውንስ የተባለው ክለብ በመጀመሪያው ዙር መረጠው። በ2015 መጀመሪያ ላይ ግን ለሕክምና ማገገሚያ ገባ። ወጥቶ እንደገና ተጫወተ። በዚያው ዓመት ኅዳር አሰልጣኙ የቡድኑ ዋና ኳርተርባክ አደረገው፤ ቀናት ሳይቆዩ ሲጨፍር የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፣ ወዲያውም ወደ ሦስተኛ ተጠባባቂነት ወረደ። በመጋቢት 2016 ክለቡ አሰናበተው። ዕድሜው 23 ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በመጀመሪያ አሰላለፍ የገባባቸው ጨዋታዎች 8 ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ለአገራችን የአርሰናል ደጋፊዎች እንግዳ አይደለም። ቶኒ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1988 የአርሰናል አምበል ሲሆን ገና 21 ዓመቱ ነበር። በ1990 ጠጥቶ ሲነዳ ከግንብ ጋር ተጋጨ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ እስር ቤት ገባ። የሚገርመው ነገር ከእስር ሲወጣ አምበልነቱ እንዳለ ነበረ፤ ቡድኑም በ1991 የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ዋንጫው ችግሩን ሸፈነው። ሰውየው ጎበዝ ስለነበረ ዙሪያው ያሉት ሁሉ «ያው እርሱ ነው» ብለው ዝም አሉ። ዝምታው ለዓመታት ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ1996 የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በጀርመን ሲሸነፍ አምበሉ አዳምስ ነበር። ከሽንፈቱ በኋላ ሳምንታትን በመጠጥ አሳለፈ። በነሐሴ ወር ግን አቆመ። በመስከረም የቡድን ጓደኞቹን ሰብስቦ የአልኮል ሱሰኛ መሆኑን በገዛ አንደበቱ ነገራቸው። 29 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1998 እና በ2002 የሊጉንና የኤፍ ኤ ካፕን ዋንጫ በአንድ ዓመት ያነሣውን ቡድን በአምበልነት መራ። በ2000 ደግሞ እንደ እርሱ በሱስ ለተያዙ ስፖርተኞች የሚሆን የሕክምና ተቋም መሠረተ።

ከሁለቱ ወጣቶች ምን እንማራለን? ሁለቱም ችሎታ ነበራቸው፤ ሁለቱም ጠጪዎች ነበሩ፤ ሁለቱም በወጣትነታቸው መሪ ሆነዋል። አንደኛው ተመልሶ ቆመ። የተመለሰው ከሌላው ይልቅ ጠንካራ ስለነበረ ነው ማለት አይቻልም፤ እርሱም ዓመታት ወድቋል። ነገር ግን እውነቱን በሚመራቸው ሰዎች ፊት አውጥቶ የተናገረበት አንድ ቀን ነበረ። ሸክሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ የብቻው አልሆነም።

መሪ ላይ ለምን ይከብዳል?

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በመጽሐፈ ምሳሌ 31 የንጉሥ ልሙኤል እናት ልጅዋን ከመጠጥ እንዲርቅ ትመክረዋለች። ምክንያቷን ልብ በሉ። «ጤናህ ይጎዳል» አላለችም፤ «ስምህ ይጠፋል» አላለችም። ንጉሥ ሲጠጣ ሕጉን ይረሳል፤ ሕጉን ሲረሳ የችግረኛው ፍርድ ይጎድላል ነው የምትለው። ንጉሡ በጠጣው ብርጭቆ ሒሳቡን የሚከፍለው ድሀው ነው። የአምበሉም ነገር እንዲሁ ነው። አምበሉ ሲያመሽ ዋጋውን የሚከፍሉት በጠዋት ልምምድ የሚመጡት የ18 ዓመት ልጆች ናቸው፤ «እርሱ ካደረገው እኔስ?» ይላሉና።

በመጽሐፈ መክብብ 10 ደግሞ መኳንንቷ በማለዳ ግብዣ የሚቀመጡባት አገር ወዮላት ተብሏል። ቀጥሎ ያለው ሐሳብ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ መኳንንቷ በሰዓቱና ለብርታት የሚበሉባት አገር የታደለች ናት ይላል። እንግዲህ ቃሉ ድግስን አልኮነነም። የጠየቀው «መቼ?» እና «ለምን?» ብሎ ነው። ቤተ ክርስቲያን አንዳንድ ጊዜ ወጣቱን «አትደሰት» ያለች ይመስላል፤ ወጣቱም ደስታን ፍለጋ ከእኛ ይርቃል። ደስታ ሰዓት አለው፤ መሪም ከድግሱ መካከል ተነሥቶ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው።

ለዚህ ከራሳችን ታሪክ አንድ ቀን እንጥቀስ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በአዲስ አበባ ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፉ። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻ ዙር ያለፍን መሰለን። ከተማው በደስታ ሰከረ። በዚያው ዕለት ግን ፊፋ ከሳምንት በፊት ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ በቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፏል ብሎ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ቡድኑ ለማለፍ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ማሸነፍ ግድ ሆነበት፤ አሸነፈም፤ በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ ቀረ። ይህ ስህተት ከጭፈራ የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ የመሪነትን ባሕርይ በደንብ ያሳያል። ሕዝብ ሲጨፍር አንድ ሰው ቢጫ ካርድ መቁጠር አለበት። መሪነት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ የማይጨበጨብለት ሥራ ነው።

ቤቱስ?

አሁን ወደ ሳሎኑ እንግባ። አንዲት እህትን በሐሳባችን እንሳል። ባሏ በፕሪሚየር ሊጉ የሚጫወት የ24 ዓመት ወጣት ነው፤ አምበል ሆኗል። ቂርቆስ አካባቢ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተዋል፤ የስምንት ወር ልጅ አላቸው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ደጋፊ ይጋብዘዋል፤ ቡድኑ ሲሸነፍ ጓደኛ «እናረሳሳህ» ይለዋል። በሁለቱም መንገድ ቤት የሚገባው ሌሊት ነው። ብትናገር «አንቺ የእኔን ጭንቀት አታውቂም» ይላታል። እውነቱን ነው፤ ጭንቀቱን አታውቅም። አልነገራትምና።

እዚህ ላይ ሸክሙን አቅልለን እንዳናይ። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች ለበርካታ ዓመታት በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው ሲካሄዱ ቆይተዋል። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናገዱ። ይህ ማለት ተጫዋቹ ለሳምንታት ከሆቴል ሆቴል እየዞረ ይኖራል ማለት ነው። ሚስትና ልጅ በስልክ ብቻ ይገኛሉ። ከልምምድ በኋላ ያለው ረጅም ሰዓት ባዶ ነው፤ ባዶውን ሰዓት ደግሞ ጫት፣ ሺሻና መጠጥ ሊሞሉት ፈጣኖች ናቸው። ገንዘቡም ሌላ ፈተና ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ ብር ለአንድ መምህር ወይም ነርስ የብዙ ወራት ደመወዝ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ በ20 ዓመቱ የሚይዝ ልጅ፣ ውሉ ግን የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ጉልበቱ ከደከመ ገንዘቡም ያበቃል። ዘመዱ ሁሉ ግን የዕድሜ ልክ ሀብታም አድርጎ ያየዋል።

አካሉም የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። አልኮል እንቅልፍን ይረብሻል፣ ሰውነትን ውኃ ያሳጣል፣ የደከመ ጡንቻ ራሱን እንዳይጠግን ያዘገያል። ከጨዋታ በኋላ ያለው ሌሊት ተጫዋቹ ለቀጣዩ ጨዋታ የሚታነጽበት ሌሊት ነው፤ እዚያ ላይ የፈረሰው በልምምድ ቶሎ አይካስም። አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው እንዳይሸጥ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም እንዳይተዋወቅ ከልክላለች። እንግዲህ አምበሉ ታዳጊ የቡድን ጓደኛውን ይዞ መጠጥ ቤት ሲገባ ሕግ ያልፈቀደውን በር እየከፈተለት ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 በፕሬዚዳንትነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የአህጉሩ ኳስ በመጠጥና በትምባሆ ነጋዴዎች ገንዘብ እጅ እንዳይወድቅ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ኳስና መጠጥ ተዛምደው ማየት ዛሬ የተለመደ ቢሆንም፣ የእኛው ሰው አስቀድመው አይተውት ነበር።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለወጣቱ መሪ። ወንድሜ ሆይ፣ ከጨዋታ በኋላ ያሉትን አምስት ሰዓታት አስቀድመህ ወስን። ሰው የሚወድቀው ውሳኔ ባላደረገበት ሰዓት ነው። ጓደኞችህ «ና» ሳይሉህ በፊት የምትሄድበትን እወቅ። ደግሞም የምትወጣበትን ሰዓትና የምታወጣውን ገንዘብ የሚያውቅ፣ ዝናህን የማይፈራ አንድ ታላቅ ሰው ይኑርህ። «ተው» ቢልህ የማትቀየመው ሰው ከሌለህ፣ ገና አምበልነትን አልጀመርክም።

ሁለተኛ፣ ለሚስት። እህቴ ሆይ፣ ሌሊት በሩን ስትከፍቺለት የሚጀመር ንግግር ወደ ጠብ እንጂ ወደ መፍትሔ አይደርስም። የሚያዋጣው ከሰዓት በኋላ፣ ልጁ ሲተኛ፣ ቡና ተፈልቶ የሚደረገው ንግግር ነው። «የት አመሸህ?» ከሚለው ይልቅ «ከሁሉ የሚያስጨንቅህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በር ይከፍታል። የቤቱን ሒሳብ አብራችሁ ያዙ፤ ከውሉ ገንዘብ የተወሰነው ገና ሲገባ ለቤት ይቀመጥ። ይሁን እንጂ ዝም ብሎ መታገሥ ሁልጊዜ ፍቅር አይደለም። የአዳምስን ችግር ያራዘመው የወዳጆቹ ዝምታ እንደሆነ አይተናል። መጠጡ ሱስ ሆኖ ከሆነ ጸሎቱ ሳይቋረጥ ሐኪምና አማካሪ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። እጁን ማንሣት ከጀመረ ደግሞ አንቺና ልጅሽ በመጀመሪያ ወደሚያስጠልላችሁ ቦታ ሂዱ፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ለቡድን ጓደኞችና ለባልና ሚስቱ በአንድነት። ድሉ ይከበር! ግን ቤት ውስጥም ይከበር። አንዳንድ ቅዳሜ ማታ አምበሉ ታዳጊዎቹን ቤቱ ቢጠራ፣ ሽሮም ቢሆን ተበልቶ ቢሳቅ፣ ብዙ ልጅ ከመንገድ ይተርፋል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። «ጓደኞቼ መጥተዋል» ተብሎ ሸክሙ ሁሉ በሚስት ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ! ሽንኩርቱን የሚከትፈው አምበሉ ራሱ ይሁን፤ ሰሃኑንም ተከላካዮቹ ይጠቡ።

አራተኛ፣ ለእኛ ለምዕመናን። ወጣቱ ስሙ ሲገን መድረክ ላይ አውጥተን ማይክ እንሰጠዋለን፤ አብረን ፎቶ እንነሣለን። ለአንድ ወር ከታጣ ግን ደውለን የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን? ሲወድቅስ ወሬውን ከሩቅ ከሚቀባበሉት መካከል አይደለንምን? ሐዋርያው ጳውሎስ አዲስ አማኝን በችኮላ መሪ እንዳናደርግ ለጢሞቴዎስ ያሳሰበው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን ለወጣቱም ነፍስ ሲል ነው። ለተጫዋቹ ከማይክሮፎን ይልቅ ሽማግሌ ያስፈልገዋል፤ ከጭብጨባም ይልቅ ቤቱን የሚጎበኝ ባልና ሚስት።

በመጨረሻም፣ ይህን የምታነብቡ አብዛኞቻችሁ ኳስ ተጫዋቾች አይደላችሁም። ነገር ግን በ27 ዓመቱ የባንክ ቅርንጫፍ የሚመራ፣ የመዘምራን ኅብረት የሚያስተባብር፣ በመሥሪያ ቤቱ አሥር ሰዎች በሥሩ ያሉት ወንድም ወይም እህት በመካከላችን ብዙ ነው። የሥራ መሸኛው፣ የሹመት ግብዣው፣ የመስክ ጉዞው ሌሊት ለእነርሱም አለ። ክንዳቸው ላይ ምልክት ባይታሰርም የሚያዩአቸው ዓይኖች አሉ። ከሁሉ የቀረቡት ዓይኖች ደግሞ ቤት ውስጥ ያሉት ናቸው፤ ያ የስምንት ወር ሕፃን አድጎ አባቱን ሲመለከት የሚያየው የዋንጫውን ፎቶ ሳይሆን አባቱ ወደ ቤት የሚገባበትን ሰዓት ነው።

ለባልና ሚስት የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሥራችንም ሆነ በአገልግሎታችን እኛን አይተው የሚከተሉ ሰዎች እነማን ናቸው? ስማቸውን ጠርተን እንጸልይላቸው።

2. ስንደሰትም ሆነ ስንከፋ መጀመሪያ የምንሄደው ወዴት ነው? ወደ ቤት ካልሆነ፣ ቤታችን ምን ጎድሎታል?

3. «ተው» ወይም «ተዪ» ቢለን የማንቀየመው ሰው አለን? ከሌለን በዚህ ወር ማንን እንጠይቅ?

የቤታችሁን በር የሚጠብቅ ጌታ መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይባርክ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።